ሕመሙ ተወ ማለት ጥርሱ ዳነ ማለት ነው? ጭሱ፣ ኪኒኑና ጉጠቱ በጎጃም

በማኅበራዊ ሚዲያ ደጋግሞ የሚዘዋወር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ጥርሱን የታመመ ሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ ፍም ላይ ከተነሰነሰ ዘር የሚወጣውን ጭስ አፉን ከፍቶ ይታጠናል። ትንሽ ቆይቶ ከፊቱ በተቀመጠው የውሃ ሳህን ላይ ነጫጭ ቀጫጭን ነገሮች ተንሳፈው ይታያሉ፤ «ይኸው ትሉ ወጣ» ይባላል። ያየው ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «እኔ ራሴ ታጥኜ ድኛለሁ» ሲል፣ ሌላው «ተራ ማጭበርበር ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ሁለቱም ወገኖች የሚከራከሩት ትሉ እውነት ነው ወይስ ሐሰት በሚለው ላይ ነው። ከበድ ያለው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ከደጀን እስከ ዱርቤቴ ያለ የጥርስ ታማሚ ጭስ ቢታጠን፣ ከመድኃኒት ቤት ኪኒን ቢገዛ፣ ቅርንፉድ ቢነክስ፣ መዳኑን የሚለካው በአንድ ነገር ነው፤ ሕመሙ ተወኝ ወይስ አልተወኝም። የጥርስ በሽታ ደግሞ ለዚህ መለኪያ የማይመች ጠባይ አለው። ሕመሙ የሚጀምረው በሽታው ብዙ ከተጓዘ በኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚተወው ጥርሱ ሲድን ሳይሆን በውስጡ ያለው ነርቭ ሲሞት ነው።

ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው ምንድን ነው?

ለጭሱ ከሚውሉት ዕፅዋት መካከል በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የሚታወቀው አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስም ይሉታል። ዘሩ ፍም ላይ ሲወድቅ በሙቀቱ ይፈነዳል። በየዘሩ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ዘሩ ቢዘራ ኖሮ ቡቃያ የሚሆን ነጭ ፅንስ አለ። ቅርፊቱ ሲፈነዳ ያ ፅንስ ተስፈንጥሮ ይወጣና ውሃ ላይ ያርፋል። ነጭ ነው፣ ጎበጥ ያለ ነው፤ አንዳንዴም ጫፉ ጠቆር ስለሚል ራስ ያለው ይመስላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ያው ዘር በያው ፍም ላይ በሽተኛ ሳይኖር ቢነሰነስ ውሃው ላይ ያው «ትል» ይገኛል።

አጣኞቹን ሁሉ አታላይ ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። አብዛኞቹ ከአባታቸው የወረሱትን የሚሠሩ፣ ያዩትንም የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። እምነቱም የኛ ብቻ አይደለም። ጥርስን የሚበላ ትል እንዳለ በጥንቷ ባቢሎን የሸክላ ጽሑፍ ላይ ሰፍሯል፤ በአውሮፓም የዚሁ ቤተሰብ ተክል ዘር በጭስነት ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ትሉን እንዳላገኘው ጽፎ ሐሳቡን ተቸ። ጥርስን የሚያበሰብሰው ትል ሳይሆን አሲድ ነው የሚለው ማብራሪያ የመጣው ደግሞ ከዚያ 160 ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አሜሪካዊው ዊሎቢ ሚለር በጀርመን ባደረገው ምርምር ነው።

«ታጥኜ ዳንኩ» የሚለው ሰውስ? ውሸቱን አይደለም። የጥርስ ሕመም እንደ ማዕበል ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሰው ደግሞ ወደ አጣኙ የሚሄደው ሕመሙ ጣሪያ ሲነካ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ባይደረግም ብዙ ጊዜ ጋብ ማለቱ አይቀርም፤ ምስጋናው ለጭሱ ይሆናል። አስተናግር ራሱ ግን መርዛማ ነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ፣ በነርቭ ሥራ ላይ ጣልቃ የሚገቡ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ የልብ ምት ያፋጥናል፣ ሲበዛ ያስቃዣል። ለሕፃንና ለልብ ሕመምተኛ ፈጽሞ የሚሰጥ አይደለም።

ቅርንፉድ ከዚህ ይለያል። በውስጡ ያለው ዩጂኖል የተባለ ዘይት በእርግጥ ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪሞችም ለጊዜያዊ ሙሌት ከሚጠቀሙበት ሲሚንቶ ጋር ይቀላቅሉታል። ሕመም ያስታግሣል፤ የተቦረቦረውን ግን አይመልስም።

አሲዱ እንዴት ይሠራል

ጥርስን የሚያበሰብሰው አፋችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚያመርቱት አሲድ ነው። ባክቴሪያዎቹ ጥርስ ላይ ተጣብቀው የሚሠሩት ስስ ሽፋን ፕላክ ይባላል፤ ጠዋት በጣት ጥፍር ሲፋቅ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ማለት ነው። ጣፋጭ ነገር አፍ በገባ በደቂቃዎች ውስጥ ፕላኩ ሥር ያለው አሲድ ይጨምራል። የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ የጥርስ ጠንካራ ውጫዊ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ ካልሲየምና ፎስፌቱን መጣል ይጀምራል። ከዚያ ምራቅ አሲዱን እያጠበና እያለዘበ የወጣውን ማዕድን ቀስ በቀስ ይመልሳል። ይህም ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ስለዚህ ወሳኙ የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን ድግግሞሹ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ ከቁርስ ጋር ጠጥቶ የሚነሳ ሰው ጥርሱን አንድ ጊዜ ለአሲድ ያጋልጣል። ያንኑ ሻይ ሱቁ ውስጥ አስቀምጦ እስከ ቀትር ፉት እያለ የሚቆይ ነጋዴ ግን ምራቁ የመጠገኛ ጊዜ እንዳያገኝ ያደርጋል። በሻይ ቤቶቻችን ስኳሩ ቀድሞ ተጨምሮ መምጣቱ ደግሞ ምርጫውን ከጠጪው ላይ ይወስድበታል።

ጾም እዚህ ላይ ሁለት ፊት አለው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጥርሱን ለረጅም ሰዓት ከአሲድ ያሳርፋል፤ ይህ ለጥርስ ጥሩ ነው። በጾም ወራት ወተቱና እርጎው ቀርቶ በሻይ፣ በማርማላታና በጣፋጭ ብስኩት ከተተካ ግን ትርፉ ይጠፋል። ከቁርባን በፊት አፍን በውሃ አለመንካት ጥርስን ይጎዳል የሚል ስጋትም አንዳንዴ ይሰማል። መጎዳቱ የሚያሳስብ አይደለም። ጥርስ ለማጽዳት ከሁሉ የሚበልጠው ሰዓት ከመኝታ በፊት ያለው ነው፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ አሲዱን የሚያለዝበው የለም።

«አያቶቻችን የጥርስ ሳሙና ሳያውቁ ጥርሳቸው እንደ ወተት ነጭ ነበር» የሚለው ክርክር በከፊል ትክክል ነው። ስኳር በገጠር ጎጃም የዘወትር ዕቃ ያልነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ማሩም ጠጁም ከበዓልና ከድግስ ጋር የሚመጡ ነበሩ። ዛሬ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ በቀበሌ ሱቅ ሁሉ ይገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለት ኃይል ፍጆታ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። የአያቶቻችን ክርክር የሚዘነጋው ነገር ድዱን ነው፤ የድድ በሽታ ስኳር አይጠብቅም።

በስድስት ዓመት የሚበቅለው መንጋጋ

ወላጆች ደጋግመው የሚሳሳቱበት አንድ ጥርስ አለ። ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት መንጋጋዎቹ ኋላ፣ በየማዕዘኑ አንድ፣ በጠቅላላው አራት አዳዲስ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። የሚወልቅ ጥርስ ሳይኖር ስለሚመጡ ብዙ ሰው የወተት ጥርስ ይመስሉታል። «ይወልቃል፣ ሌላ ይተካል» ተብለው ይተዋሉ። እውነታው ግን እነዚህ ቋሚ ናቸው፤ ከሄዱ ምትክ የላቸውም። ላያቸው ጥልቅ ስንጥቅ ስላለበት ምግብ ይይዛል፤ የአንደኛ ክፍል ተማሪ እጅም ብሩሹን እስከዚያ አያደርስም። በዚህ ምክንያት ከቋሚ ጥርሶች ሁሉ ቀድመው የሚቦረቦሩት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቋሚ መንጋጋው ሲነቀል ከኋላው ያለው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ትይዩው ወደ ባዶው ይረዝማል፤ ማኘኩ ለዕድሜ ልክ ይዛባል።

ነርቭ ሲሞት፣ ኪኒን ለምን አይበቃም

ጉድጓዱ ኢናሜሉን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ለስላሳ ክፍል ሲገባ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነገር ጥርስን ጠቅ ያደርጋል፤ ነገሩ ከአፍ ሲወጣ ሕመሙም ይሄዳል። ይህ ጥርስ በተራ ሙሌት የሚድንበት ጊዜ ነው፤ ሆኖም «ትንሽ ነው» ተብሎ ያልፋል። በሽታው ፐልፕ ወደሚባለው፣ ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት የጥርስ እምብርት ሲደርስ ጠባዩ ይለወጣል። ሳይነኩት ይነሳል፣ ሌሊት ያይላል፣ ጋደም ሲሉ ይብሳል። ሰው ወደ ጭሱም ወደ መድኃኒት ቤቱም የሚሮጠው በዚህ ደረጃ ነው። ቀናት ወይም ሳምንታት ቆይቶ ፐልፑ ሲሞት ሕመሙ በድንገት ይጠፋል፤ ቤተሰቡም «ተመስገን» ይላል። ባክቴሪያው ግን በሞተው ሥር በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት መውረዱን ይቀጥላል።

ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚገዛው አሞክሲሲሊን ወይም ሜትሮኒዳዞል ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ የሞተ ፐልፕ ውስጥ ደም የለም። መድኃኒቱ ወደ አካባቢው ሥጋ የተሰራጨውን ኢንፌክሽን ሊያበርድ ይችላል፤ እብጠትና ትኩሳት ሲኖርም ሐኪም የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ምንጩን ግን አይነካም። ምንጩ የሚደርቀው ጥርሱ ሲነቀል ወይም ሥሩ ተጠርጎ ሲሞላ ብቻ ነው። ካፕሱሉን ፈልቅቆ ዱቄቱን ጉድጓዱ ላይ መነስነስ ደግሞ ምንም አያደርግም። ሳያስፈልግ መውሰዱም መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎችን ያራባል፤ ነገ ልጁ የሳንባ ምች ሲይዘው ያው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል። የመድኃኒት ባለሙያዎች በበኩላቸው «በሽተኛው የጥርስ ሐኪም ያለበት ከተማ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ባዶ እጁን እንዴት እንመልሰው» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለሕመሙ ብቻ ከሆነ ግን ፓራሲታሞል ወይም፣ የጨጓራና የኩላሊት ችግር ለሌለበት፣ አይቡፕሮፌን ያንኑ ሥራ በተሻለ ይሠራሉ።

ጊዜ የማይሰጠው ሁኔታ አንድ ነው። ከታችኛው መንጋጋ የተነሳ መግል ከምላስ ሥርና ከአገጭ ሥር ወዳለው ክፍተት ሲሰራጭ አንገት ግራና ቀኝ እንደ እንጨት ይጠጥራል፣ ምላስ ወደ ላይ ይነሳል፣ አፍ አልከፈት ይላል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል። ቀጥሎ የሚዘጋው የአየር መተላለፊያው ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ይህን ያየ ቤተሰብ እስኪነጋ ሳይጠብቅ ወደ ሆስፒታል መውሰድ አለበት። ችግሩ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት ምክንያት ከሰከላ ወይም ከጎንቻ ገጠር ሌሊት መንገድ መጀመር የሚቻልበት ጊዜ ማነሱ ነው። ይህ ራሱ፣ መንገድ በሚከፈትበት ቀን ዛሬ ያላመመውን የተቦረቦረ ጥርስ ማሳየት ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

ድዱ፣ ንቅሳቱና መፋቂያው

ሲያጸዱት የሚደማ ድድ ጤነኛ አይደለም። ፕላክ ካልተወገደ ከምራቅ ማዕድን ጋር ጠጥሮ ታርታር ይሆናል፤ ሰዉ የጥርስ ድንጋይ የሚለው ነው። ከዚያ ድዱ ይሸሻል፣ አጥንቱ ይቀንሳል፣ ጥርሱ ሳይቦረቦር ይነቃነቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም ላይኖር ይችላል። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስላል፤ አጥንቱ ቀድሞ ሄዷል፣ ጥርሶቹን አስተሳስሮ የያዘው ድንጋይ ሲነሳ መነቃነቁ ይገለጣል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመ ድድም በተራው የደም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል።

የድድ ንቅሳት በጎጃም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ለሚደማ ድድ መድኃኒት ነው ተብሎም ይሠራ ነበር። የጠቆረው ድድ የመታመም ምልክት የሆነውን መቅላት ይሸፍናል እንጂ ፕላኩን አያነሳም፤ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው ሲነቀስ ደግሞ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊተላለፍ ይችላል።

መፋቂያ ሌላ ነገር ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ በደንብ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ከለሰለሰ የጥርስን ፊት ለፊት ከፕላስቲክ ብሩሽ ባልተናነሰ ያጸዳል። የሚደክመው በምላስ በኩል ባለው ገጽና በመንጋጋዎቹ ኋላ ነው። የጎደለው ደግሞ ፍሎራይድ ነው። ፍሎራይድ አሲድ ያወጣውን ማዕድን ወደ ኢናሜሉ ለመመለስ የሚረዳ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም፣ ማለትም በሚሊዮን እጅ የሚለካ መጠን፣ ያለው የጥርስ ሳሙና የጥርስ መቦርቦርን እንደሚቀንስ በሚገባ የተረጋገጠ ነው። «ፍሎራይድ ጥርስ ያበልዛል» የሚለው ፍርሃት የመጣው ከስምጥ ሸለቆ ነው። በዚያ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ከተፈቀደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በእጅጉ የበለጠ ፍሎራይድ ስላላቸው ከልጅነቱ ጀምሮ የጠጣው ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ አጥንቱም ይጎዳል። ጎጃም ደጋ በዚህ የሚታወቅ አይደለም፤ የሚተፋ ሳሙናና ዕድሜ ልክ የሚጠጣ ውሃም አይነጻጸሩም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ ታህል፣ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ታህል ሳሙና ይበቃል። ከተቦረሸ በኋላ መትፋት እንጂ አፍን በብዙ ውሃ ማለቅለቅ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱን ይዞት ይሄዳል።

የሕፃናቱ ነገር

ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያስመልሰውና ሲያተኩሰው ጥፋቱን ገና ያልወጣው የወተት ጥርስ ላይ መጣል፣ ድዱን በጥቶ ማውጣት፣ ወይም እንጥሉን መቁረጥ በጎጃም የቆየ ልማድ ነው። ድድ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚታየው እብጠት ትል ወይም በሽታ ሳይሆን በመብቀል ላይ ያለ የውሻ ክራንቻ ነው። ሲቧጠጥ ሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ይጎዳል፤ ደም መፍሰሱ፣ ቴታነሱና ኢንፌክሽኑ ደግሞ ሊገድል ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሁለቱንም ድርጊቶች ጠቅሶ ሞት ወይም ጉዳት ካስከተሉ ያስቀጣል። ሕግ ብቻውን ግን ለተጨነቀች እናት መልስ አይሆናትም፤ ለተቅማጡ የሚበጀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርና ዚንክ ነው፣ እሱም በቅርብ ጤና ኬላ መኖር አለበት።

በምግብ እጥረት በተጎዱና ከኩፍኝ በተነሱ ሕፃናት ላይ ድድ ቆስሎ ከሸተተና ጉንጭ ካበጠ ጉዳዩ ኖማ ሊሆን ይችላል። በቀናት ውስጥ ፊትን የሚበላ፣ ካልታከመ አብዛኞቹን የሚገድል፣ ቶሎ ከተደረሰበት ግን በተራ ፀረ ባክቴሪያ የሚቆም በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው።

መንቀል ወይስ ማትረፍ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሪፖርት 3.5 ቢሊዮን ያህል ሰው በአፍና በጥርስ በሽታ እንደተያዘ፣ ከአራቱ ሦስቱም መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖሩ ገልጿል። በጎጃም የሕዝብ ጤና ተቋማት የጥርስ ክፍል በአብዛኛው የሚሠራው ሥራ መንቀል ነው። ሥር ማስጠረግና ማስሞላት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ካሉ የግል ክሊኒኮች ደጅ ይደርሳል፤ ሥራውም ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ምልልስ ይጠይቃል። የአዝመራ ወቅት ላይ ላለ ገበሬ አንድ ቀን መጥቶ ነቅሎ መሄድ ሞኝነት አይደለም፤ ሒሳቡን አስልቶ ነው። የላይኛውን ጥርስ ማስነቀል ዓይን ያጠፋል ብሎ የሚፈራ ካለ ፍርሃቱ መሠረት የለውም፤ የጥርስና የማየት ነርቮች የተለያዩ ናቸው። የባለሙያዎች ክርክር ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንዳንዶች በየሆስፒታሉ የጥርስ ሐኪምና ሙሉ መሣሪያ ሳይኖር ለውጥ አይመጣም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያን እስክንጠብቅ ጥርሱ ያልቃል፣ ቀላሉን ወደ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት እናውርድ ባዮች ናቸው።

የሁለተኛዎቹ ክርክር ለጎጃም ይበልጥ ያሳምናል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ታንዛኒያ ውስጥ የተጀመረ አንድ ዘዴ አለ፤ የበሰበሰው ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ተፍቆ ግላስ አዮኖመር በሚባል፣ ፍሎራይድ በሚለቅ ሲሚንቶ ይሞላል። መብራት አይፈልግም፣ መሰርሰሪያ አይፈልግም፣ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ መርፌም አያስፈልገውም። ሁለተኛው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለ ጠብታ ነው፤ ጉድጓዱ ላይ ሲቀባ ባክቴሪያውን ገድሎ መቦርቦሩን ያስቆማል፣ አንድ ጥርስ ለመቀባት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሁለቱም ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር በ2021 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ነርስና ጤና መኮንን ሠልጥነው ሊሠሯቸው ይችላሉ።

ቅሬታ የሚያስነሳ ጉዳይም አለ። ጠብታው የበሰበሰውን ክፍል ለዘለቄታው ያጠቁረዋል። ለመንጋጋ ማን ያየዋል፤ ለሴት ልጅ የፊት ጥርስ ግን እናት እሺ ማለቷ አጠራጣሪ ነው። ከመቀባቱ በፊት ለወላጅ የጠቆረ ጥርስ ፎቶ አሳይቶ መጠየቅ፣ የፊቱን ለሲሚንቶ ትቶ ጠብታውን በስድስት ዓመት ለሚበቅሉት መንጋጋዎች ማዋል ይቻላል። ጠብታውን ማን ገዝቶ ለጤና ጣቢያዎች ያከፋፍል የሚለው ግን የጤና ቢሮና የትምህርት ቢሮ አንድ ላይ ተቀምጠው የሚወስኑት ነው።